«ሥጋ ቆራጩ» በሳጉሬ፦ በነፍሰ ገዳይ ፊልም ተመልካቾች ጠባይ ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ፊልም ብዙ ተጽፏል፤ ፊልም ስለሚያይ ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመራማሪው ፊልሙን እያየ ተመልካቹን ማየት አይችልም። ይህ ጥናት ችግሩን የፈታው፣ ዘግይቶ የመጣው ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ የማይታይበት ዱካ ላይ በመቀመጡ ነው።

የቀደሙ ጥናቶችን መቃኘት ግዴታ ስለሆነ እንቃኛለን። በሀገራችን የመጀመሪያውን የፊልም ሂስ ያቀረበው፣ አዲስ አበባ የገባውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው ሕዝብ ነው። ሂሱ ሁለት ቃል ብቻ በመሆኑ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልተሰጠውም።

የጥናቱ ቦታ ሳጉሬ ናት፤ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ። አካባቢው ለካሜራ እንግዳ አይደለም። አሰላ ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተሠራው «ኢንዱራንስ» (እ.ኤ.አ. 1999)፣ በቆጂ ደግሞ በ«ታውን ኦፍ ረነርስ» (እ.ኤ.አ. 2012) ለዓለም ታይተዋል። ካሜራ ይዞ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሄድ ሰው በሳጉሬ ማለፍ አለበት፤ ያልፋልም። ናሙናው በአንድ ዘመድ ሳሎን ሶፋውና ምንጣፉ የቻሉትን ያህል ሰው ነው። ጊዜው ሁዳዴ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ብርዱ ጋቢ የሚያስደርብ ነበር።

ለሙከራው የተመረጠው ክሎድ ሻብሮል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው «ለ ቡሼ» ነው፤ «ሥጋ ቆራጩ» ማለት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ትሬሞላ በምትባል መንደር ሲሆን ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ በፊልሙ ውስጥ ይታያሉ። ኤሌን (ስቴፋን ኦድራን) የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ናት። ፖፖል (ዣን ያን) በኢንዶቺናና በአልጄሪያ ጦርነት ከርሞ የተመለሰ ባለ ልኳንዳ ነው። ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ይቀራረባሉ፤ በዚያው ሰሞን ሴቶች ተገድለው ይገኛሉ። ተቺዎች እንዲህ ያለውን «ሥነ ልቦናዊ» ይሉታል፤ ይኸውም ሰው ሲገደል አይታይም፣ ሰው ሲያስብ ግን ለረጅም ጊዜ ይታያል።

ቋንቋውን በተመለከተ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ ልጅ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛ ለአያቷ ታደርሳለች። በመንገዱ የሚባክነው ቀላል አይደለም። ኤሌን ከዓመታት በፊት ስለተሰበረ ልቧና ዳግመኛ ላለማፍቀር ስለመቁረጧ የተናገረችው ሁሉ እማማ ዘንድ ሲደርስ «ዲዴ» ብቻ ሆኗል፤ እምቢ አለች። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ በኋላ ስለ ኤሌን የሰጡት ፍርድ ሁሉ ትክክል ስለነበር፣ የባከነው ነገር አስፈላጊ እንዳልነበረ ለማመን ተገደናል።

የመጀመሪያው ግኝት ገዳዩን ይመለከታል። አቦል ሳይቀዳ ታውቋል። ፖፖል በሰርጉ ላይ ቆሞ ጥብሱን ሲቆርጥ የቤቱ እመቤት ከጀበናው ቀና ብለው «ይሄ ሰውዬ ቢላዋ አያያዙ ደስ አላለኝም» አሉ። ልጃቸው ርዕሱ ራሱ «ሥጋ ቆራጩ» እንደሚል ቢያስታውሳቸውም የማስረጃቸውን ክብደት አልቀነሰውም። ሻብሮልም ገዳዩን ለመደበቅ ብዙ አልደከመም። ማን ገደለ የሚለው ከተመለሰ በኋላ ግን ሳሎኑ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው አልነበረም።

ሥጋው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋል። የጎረቤቷ አዴ መጀመሪያ የጠየቁት ልኳንዳው የክርስቲያን ነው ወይስ የእስላም የሚለውን ነው፤ በሩ ላይ መስቀልም ጨረቃም አላዩም። ተርጓሚው ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ እንዳልሆነ ሲያስረዳ አዴ «ታዲያ ሰው በምን ያምነዋል?» አሉ። የፊልሙን ዋና ጥያቄ ከዚህ ባጠረ ቃል ያቀረበ ሃያሲ አላጋጠመንም። ቀጥሎም ፖፖል የበግ ታፋ በወረቀት ጠቅልሎ እንደ አበባ ይዞ መምህርቷ ዘንድ ሲሄድ ሳሎኑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሥጋን ያህል ነገር ይዞ የሚመጣ ወንድ ቁም ነገረኛ ነው አለ። ሌላው ወገን፣ ቁም ነገር ካሰበ ሽማግሌ ይልካል እንጂ በተማሪ ፊት ታፋ ይዞ አይመጣም ሲል ተቃወመ። ጾሙን አጥብቀው የያዙ አንዲት እናት ግን እንዲህ ዓይነቱን ሥጋ በዓይን ማየት ራሱ ምን እንደሚባል መምህረ ንስሐቸውን ሳይጠይቁ ላለመቀጠል ወሰኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀሪውን በጆሯቸው ተከታትለዋል፤ ከሁላችንም በላይ የፈሩት እሳቸው ናቸው።

ወጣቶቹን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ካደጉ ታላላቆቻቸው አንድ የማይናወጥ ሕግ ወርሰዋል፦ አክተር አይሞትም። በዚህ ሕግ አክተር ማለት የሚተውን ሁሉ አይደለም፤ ጥይት የሚስተው ሰው ነው። ሕጉ ቀላል ፈተና አላለፈም። በ«ሾሌ» መጨረሻ አሚታብ ባቻን ሲሞት ሊፈርስ ነበር፤ ዳርሜንድራ በሕይወት ስለተረፈ «ለካ አክተሩ እሱ ነው» ተብሎ ዳነ። «ሥጋ ቆራጩ» ላይ ግን መዳኛ ጠፋ። ፖፖል ገዳይ ነው፤ በዚያ ላይ ይሞታል። መርማሪው ይጠይቃል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይጠይቃል፤ አንድ በር እንኳ አልሰበረም። ኤሌን ትተርፋለች፤ ነገር ግን አንድም ሰው በጥፊ አልመታችም። ከብዙ ክርክር በኋላ ፊልሙ አክተር የለውም ተብሎ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ፓሪስ ውስጥ ይህንኑ ለማለት መጽሐፍ ይጽፋሉ።

በቶና ሰዓት ነገሩ ወደ ሕግ ዞረ። ኤሌን ተማሪዎቿን ዋሻ ለማስጎብኘት ወስዳ ገደል ሥር ሲመገቡ በአንዲቱ ልጅ ዳቦ ላይ ደም ይንጠባጠባል፤ ገደሉ ላይ የባልደረባዋ ሙሽራ ተገድላለች። አስከሬኑ አጠገብ ኤሌን ለፖፖል የሰጠችው ላይተር ወድቋል። አንስታ ትደብቀዋለች። ቀበሌ ያገለገሉ ሰው ይህ ማስረጃ ማጥፋት ነው፣ ያስቀጣል አሉ። የቤቱ እመቤት «እንግዲህ ታፋውን በልታለች፤ ምን ታድርግ?» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ ሲጋጋል ሁለት ትዕይንት አለፈን። ምን እንዳለፈን የጠየቀ የለም።

ስለ በሩ አጭር መግለጫ ይበቃል። በመጨረሻው ሌሊት ኤሌን የትምህርት ቤቱን በሮችና መስኮቶች እየሮጠች ትዘጋለች። ሳሎኑ በሙሉ «የጓሮው! የጓሮው በር!» እያለ ጮኸ፤ በሦስት ቋንቋ። አልሰማችም፤ ሰውየው ገባ። ሰው ሲመከር የማይሰማ ለምን እንደሆነ ሌላ ጥናት ያስፈልገዋል።

ጥናቱ ሊመድበው ያልቻለ አንድ ተመልካች አለ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከግንባር በእግራቸው የተመለሱ ጋሼ ናቸው። ሌላው ሲጮህ ዝም ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ፖፖል በጦርነት ስላያቸው ሬሳዎች፣ ስለ ደም ሽታ፣ የከብቱም የሰውም አንድ ስለመሆኑ ሲያወራ ተርጓሚው ዘለለው፤ ለእማማ የሚሆን አልመሰለውም። ጋሼ ግን «መልሰው፤ ምን አለ?» አሉ። ተመለሰ፤ ተተረጎመ። «የት ነው የሚያድረው? ብቻውን ነው?» ብለው ጠየቁ። ብቻውን ነው ተባሉ። «መንደሩስ? ሲመለስ ማን ተቀበለው?» ልጁ ፊልሙ ይህን አያሳይም አለ። ጋሼ ወደ ቆሏቸው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ነገር የለም። በአማርኛ «የድኅረ ጦርነት ሥነ ልቦናዊ ጠባሳ» የሚል ረጅም ሐረግ አዘጋጅተን ነበር፤ አልተጠቀምንበትም።

የመጨረሻው መረጃ የተገኘው በበረካ ላይ ነው። ፖፖል ራሱን በቢላዋ ወግቶ ኤሌን በመኪናዋ ሆስፒታል ታደርሰዋለች። ሰውየው በአሳንሰር ይወሰዳል፤ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች። መሞቱ ነው፤ ሻብሮል ሞቱን የነገረን በዚያች መብራት ብቻ ነው። ፈረንሳዊ ተመልካች እዚህ ላይ ልቡ ይሰበራል ይባላል። የሳጉሬ ተመልካች «ሄደ!» ብሎ ስልኩን አብርቶ ሻማ መፈለግ ጀመረ። ቴሌቪዥኑ እየሠራ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሰውየው ያለ አልቃሽ ሞቷል። ነገሩ ሲገለጥ እማማ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ቤቱም ተከተላቸው፤ ለገዳይ ይባላል አይባልም የሚለው እስከ እኩለ ሌሊት አከራክሯል።

ጥናቱን በሌላ ከተማ ለመድገም የሚፈልግ ተመራማሪ ካለ ጥቂት ነገር እንመክራለን። በፍስክ ሰሞን ይሁን። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ካለ ቡና ቁላ ተብሎ ወደ ጓሮ ይላክ። ጋሼን የመሰለ ሰው ከተገኘ ከሁሉ በፊት እሳቸው ይጠየቁ፤ ተርጓሚውም ምንም አይዝለል።