ቅድሚያ ለሁሉም

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ የምሥራች ይዞ አያውቅምና «የማን ለቅሶ ይሆን?» እያልኩ በዳበሳ አነሣሁት። ማንም አልሞተም። ስልኩ ላይ «አናጺው ይመጣል» የሚል ጽሑፍ ተገትሯል።

ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ማነው?» አለች።

«አናጺው ነው።»

«በዚህ ሌሊት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? አናጺውን የቀጠርኩት ለጠዋት 3 ሰዓት ነበር፤ እኔም «3:00» ብዬ መዘገብኩ። አፑ ግን ፈረንጅ ነው። የእሱ 3 ሰዓት የእኛ ሌሊት 9 መሆኑ የታየኝ እንቅልፌ ከጠፋ በኋላ ነው። ጣራው ደግሞ የሐበሻም የፈረንጅም ሰዓት ሳይጠብቅ፣ እናቴ ያዋሰችን ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ነጋ። በእኛው 3 ሰዓትም አናጺው አልመጣም። ምናልባት እሱም አፕ ጭኖ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው ጥር ላይ ነው። መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ፣ ከኪሴ የማወጣውን ብጥስጣሽ ወረቀት ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን አዘነልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እኮ አንድ አፕ ውስጥ ይገባል» ብሎ ጫነልኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥራው ይጻፋል፤ በየፕሮጀክቱ ይመደባል፤ ከዚያ ባንዲራ ይሰጠዋል። ቀይ አንደኛ፣ ብርቱካናማ ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ሦስተኛ፣ ነጭ ደግሞ «ሲመች» ማለት ነው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሕይወቴን ዘጠኝ ቦታ ሸነሸንኳት፦ መሥሪያ ቤት፣ ቤት፣ ልጆች፣ መኪና፣ እድር (ጸሐፊው እኔ ነኝ)፣ የእህቴ ልጅ ምርቃት፣ ማታ ማታ የምሠራው ትርጉም፣ ጤና፣ በመጨረሻም «ራስን ማሻሻል»። ስጨርስ 63 ሥራ ሆነ። ከ63ቱ 41ዱ ቀይ ነው።

አትፍረዱብኝ። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ ስገባ ሌላው ዓለም ይጠፋኛል። «እድር» ውስጥ ከተቀደደው ድንኳን የሚበልጥ ምን አለ? «ጤና» ውስጥ የደም ግፊት መለካትን ማን ነው ብርቱካናማ የሚያደርግ? «ራስን ማሻሻል» ውስጥ እንኳ «ጠዋት 11 ሰዓት መነሣት» ቀይ ነው። ጣጣው የሚመጣው «ዛሬ» የምትለዋን ስነካ ነው። ከዘጠኙም ፕሮጀክት ቀዮቹ ተጠራርተው አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ድንኳኑ፣ ሪፖርቱ፣ የልጄ የሒሳብ አስጠኚ፣ የመኪናው ጎማ፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም አንደኛ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ!

ለነገሩ «ቅድሚያ» የሚለው ቃላችን ራሱ ብዙ ቁጥር አይወድም። «ቅድሚያዎች» ሲሉት ምላስ ላይ ይደናቀፋል። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ሁለት ከሆኑ አብረው ሄዱ እንጂ መች ተቀዳደሙ? ግን እኛ «ቅድሚያ ትኩረት ከተሰጣቸው ዘርፎች አንዱ» የሚል ዜና እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ዘርፎቹ ተቆጥረው አያልቁም። እኔም ባንዲራ አሰጣጥ የተማርኩት ከዚያው ነው።

ባልደረባዬን አማከርኩት። «ቀላል ነው ጋሼ» አለኝ። «መጀመሪያ ለፕሮጀክቶቹ ለራሳቸው ደረጃ ይስጧቸው። ቀይ ከቀይ ሲገናኝ የላይኛው ፕሮጀክት ያሸንፋል።»

ምክሩ ግሩም ነበር፤ ሳሎን ተቀምጬ ባልሞክረው ኖሮ። ዘጠኙን በጣቴ ወደ ላይ ወደ ታች ስጎትት ባለቤቴ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ከኋላዬ ቆማ አነበበች።

«ልጆች አንደኛ። ጥሩ። መሥሪያ ቤት ሁለተኛ። ይሁን። መኪና ሦስተኛ...» ጣቷ ወረደ፣ ወረደ። «ቤት ስድስተኛ?»

«የመኪናው ቦሎ ቀኑ ደርሶ እኮ ነው።»

«ስለዚህ መኪናው ከእኛ ይቀድማል።»

«ለጊዜው ነው።»

«እንግዲያው ለጊዜው እዚያው ተኛ።»

እውነት ለመናገር፣ የመኪናው ጣራ አያፈስም።

ያን ምሽት አንድ ነገር ገባኝ። ሥራን ከሥራ ማበላለጥ ይቻላል። ፕሮጀክትን ከፕሮጀክት ማበላለጥ ግን ሰውን ከሰው ማበላለጥ ነው፤ ከየፕሮጀክቱ ጀርባ አንድ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሟል። «እድር» ዘጠነኛ የተቀመጠበትን ዝርዝር የእድራችን ዳኛ ቢያዩት ምን እንደሚሉ ሳስብ፣ ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ባልደረባዬ ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ አይደለም። በማግስቱ በመስቀለኛ መስመር ለአራት የተከፈለ ሣጥን ሣለልኝ፦ አጣዳፊና አስፈላጊ፣ አስፈላጊ ግን የማያጣድፍ፣ አጣዳፊ ግን የማያስፈልግ፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ሣጥኑ የሚጠራው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በአይዘንሃወር ስም ነው፤ ግንቦት 1946 ዓ.ም. ጃንሆይን ዋሽንግተን ላይ ተቀብለው ባስተናገዱት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢቫንስተን ከተማ ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲናገሩ፣ ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ጠቅሰው ችግር ሁለት ዓይነት ነው አሉ፤ የሚያጣድፈው አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገውም አያጣድፍም። ባለአራት ክፍሉን ሣጥን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ስቲቨን ኮቪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ።

አይዘንሃወርን አከብራቸዋለሁ፤ የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩ ጄኔራል ናቸው። ይሁን እንጂ የእድር ጸሐፊ ሆነው አያውቁም። 41ዱን ቀይ ወደ ሣጥኑ ሳስገባ 38ቱ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ተጨናነቁ፤ የቀሩት ሦስቱ አፋፍ ላይ ቆመው «እኛስ?» ይላሉ። ደግሞ ሣጥኑ የማይነግረኝ ነገር ነበር። ሥራ ባስቀመጡት ክፍል ተቀምጦ አይጠብቅም። ጣራውን የመዘገብኩት ጥር ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግል ነው። በጥር ጣራ ማንን ያጣድፋል? ነጭ ባንዲራ ሰጥቼ አለፍኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ዘነበና፣ ጣራው ባንዲራውን ሳይቀይር ክፍሉን ቀየረ።

አሁን ሳስበው ያዘናጋኝ መጻፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ብሉማ ዘይጋርኒክ የምትባል በርሊን የምትማር የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥናት አሳተመች፤ ሰው ተቋርጦ የቀረ ሥራውን ከጨረሰው ይልቅ ያስታውሳል የሚል። የጥናቱ መነሻ መምህሯ ኩርት ሌዊን በካፌ አስተናጋጆች ያየው ነገር ነው ይባላል፤ ሒሳብ እስኪከፈል ትእዛዙን ሁሉ ይይዛሉ፣ ከተከፈለ ወዲያ ይረሱታል። ይህን ለማየት በርሊን መሄድ አያስፈልግም። እኔ ቡና የምጠጣበት ቤት ያለችው አስተናጋጅ «ሁለት ማኪያቶ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንድ ስፕሪስ፣ አንድ ሻይ በሎሚ» የሚለውን ወረቀት ሳትነካ ለስድስት ጠረጴዛ ትሸከማለች። ከፍለን ስንወጣ ግን ኮፍያዬን ረስቼ ብመለስ ፊቴን አታውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ነገር ጨመሩበት። ያላለቀ ሥራ አእምሮን ይበጠብጣል፤ ነገር ግን መቼና እንዴት እንደሚሠራ ዕቅድ ከወጣለት፣ ሥራው ሳይነካም ቢሆን ብጥብጡ ይረግባል። ትክክል ናቸው። «ጣራ ማሠራት» ብዬ ከጻፍኩበት ቀን ጀምሮ እኔ ረገብኩ። ጣራው ግን ዕቅዱን አላነበበም።

እናቴ አፕ የላትም። የማትረሳው ነገር ሲኖራት የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ትፈታዋለች። ሰኔ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ ስጠይቃት ቋጠሮዋን በጣቶቿ እያሸች «ልጄ፣ ጣራህ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። ስለ እኔ ቤት ቋጥራ መያዟ አንጀቴን ይበላዋል። አንድ ቀን «ለምን አንድ ብቻ? ሌላ ጉዳይ የለሽም?» አልኳት። «ነጠላዬን ሁሉ ብቋጥረው ምን እለብሳለሁ?» አለችኝ።

ዘንድሮ ሰኔ የባተው ሰኞ ነው። ሰኔና ሰኞ ሲገጥም መዘዝ አለው የሚሉትን ስስቅበት ኖሬ፣ ስልኬ ውስጥ ደረሰብኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ የእህቴ ልጅ ሐምሌ መጀመሪያ ትመረቃለች፤ ዝናቡ ገብቷል። አፑ ደግሞ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ሰሞን ይህ ጠቅሞኝ ነበር። የማልወደውን ሥራ ሁሉ ርእሱ ላይ «ጳጉሜን» ብዬ ጽፌ ያለ ቀጠሮ አስቀምጠዋለሁ። እሱ በማያውቀው ወር የተቀጠረ ሥራ አይዘገይም። «ራስን ማሻሻል» የተባለው ፕሮጀክት እንዳለ ጳጉሜን ገብቷል።

በዚህ መሐል አንድ ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ዐርፈዋል። ጡሩምባ ነፊያችን ፕሮጀክቱ የቱ ነው፣ ባንዲራው ምን ዓይነት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ተነሥቼ ለበስኩ። ባለቤቴም ምንም አላለችም። ስልኬ ላይ 41 ቀይ ነበር፤ ጡሩምባው አንድ ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ነጭ ሆነ። የተቀደደው ድንኳንም፣ ከጥር ጀምሮ ቀይ የነበረው፣ ጎረቤት ወስፌ ይዞ መጥቶ በግማሽ ሰዓት ሰፋው።

ከቀብር ስንመለስ የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ አንድ አደባባይ ላይ ተቸነከረ። በአራቱም አቅጣጫ የመጣ መኪና አፍንጫውን አስገብቷል፤ ታክሲው፣ ሲኖትራኩ፣ የቤት መኪናው። የሚንቀሳቀስ የለም፤ ጡሩምባ ብቻ። ሾፌሩ መሪውን ለቆ ወደ እኛ ዞረ።

«ሕጉ እኮ ግልጽ ነው» አለ። «አደባባይ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። አሁን ሁሉም ውስጥ ነው። ታዲያ ማን ይቅደም?»

ከጥር ጀምሮ የከበደኝን ነገር ሰውዬው በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። እኔ ማን ይቅደም እያልኩ ስጨነቅ፣ ጥፋቱ ማንን አስገባሁ ላይ ነበር። የቶዮታ ፋብሪካ ሰዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ ካንባን በሚሉት የካርድ አሠራር፣ ተቀባዩ ክፍል ካልጠየቀ ሰጪው ክፍል አዲስ ዕቃ አይሠራም። እኛም ብንሆን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ስንል ኖረናል። እናቴም ነጠላዋን ሁሉ አትቋጥርም። እኔ ብቻ ነኝ 41 መኪና አንድ አደባባይ ውስጥ አስገብቼ ቀይ ቀለም የቀባሁ።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዤ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው አናጺው ሆኖ አገኘሁት። ለካ የእድራችን አባል ነው!

«ስልክህ እኮ አይነሣም» አልኩት።

«ውሃ ገባበት። ቤቴ ያፈሳል» አለኝ።

አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ደስም አለኝ።

«ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ» አለ።

«በማን 3 ሰዓት?»

ሐዘን የነካኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በሰዓቱ መጣ። ጣራው ላይ ወጥቶ የላሉትን ሦስት የቆርቆሮ ምስማሮች ነቅሎ በአዲስ ቀየረ፣ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈነ፣ አሸንዳውን ከሞላው ቅጠል አጸዳ። 40 ደቂቃ ፈጀበት። ከጥር እስከ ሰኔ ተሸክሜው የዞርኩት ሥራ 40 ደቂቃ ነበር። አፑ ላይ ምልክት ላደርግበት ብፈልግ ቀዮቹ ውስጥ የለም፤ ታች ወርጄ፣ «ቤት» ሥር፣ ከነጭ ባንዲራው ጋር አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። ከዘጠኙም ፕሮጀክት ሁለት ሥራ ብቻ አደባባይ ይገባል፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላ አይገባም። የቀረው ተራውን ይጠብቅ፤ ቀይም ቢሆን፣ ጡሩምባም ቢነፋ። የእድሩ ጡሩምባ ካልሆነ በቀር።

እሑድ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «እማዬ፣ ጣራው ተሠራ። ቋጠሮሽን ፍቺው» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች። ግን አልፈታችውም። «እንግዲያው አሁን ሳፋዬ ባዶውን ነው?»

«አዎ፣ ባዶውን ነው።»

«ታዲያ መቼ ልታመጣልኝ ነው? ቋጠሮው እኮ የሳፋው ነው። የጣራውን ጭንቀትማ ለሚስትህ ትቼላታለሁ።»

ቤት ተመልሼ ሳፋውን አንሥቼ ስወጣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። «ቆይ» አልኩት፤ «ሳፋው አደባባይ ውስጥ ነው።»