ሐተታ ዘጭራ፦ በመልካሳ ሰማይ ስለበረረ የፎም አውሮፕላን የተደረገ ጥልቅ ምርመራ

የሰው ልጅ ጭራ አልባ ሆኖ መፈጠሩ ስለ ጭራ ጠልቆ እንዳያስብ አድርጎታል። ይህን የእውቀት ክፍተት ለመሙላት፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መልካሳ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ምርመራ አካሂጃለሁ። የምርመራው ቁስ ለእህቴ ልጅ ከውጭ አገር የተላከለት ባለ ሪሞት የፎም አውሮፕላን ነው፤ ሁለት ሞተር፣ ሁለት የቆሙ ጭራዎች አሉት።

በቅድሚያ የስያሜ ጉዳይ። ፈረንጅ «ራደር» የሚለውን፣ አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የቆመ ክፍል «መቅዘፊያ» እንዳንለው ታንኳ ይመጣብናል፤ «መሪ» እንዳንለው ሾፌር ይቀየመናል። ሦስት ቀን ሳመነታ ከርሜ የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ዝም ብለው ጭራ ይበሉትና እንቀጥል» አለኝ። ምሁራዊ ትሕትና ስላለኝ ተቀበልኩት።

እነሆ ችግሩ፦ ጭራዎቹ ከገላው ጋር አብረው የተቀረጹ፣ ንቅንቅ የማይሉ፣ ለጌጥ የቆሙ ናቸው። አውሮፕላኑ የሚዞረው አንዱ ሞተር ከሌላው ፈጥኖ ሲሽከረከር ነው። ብልሃቱ ጉልበት እስካለ ድረስ ያስኬዳል፤ ለማረፍ ሞተሩ ሲቀነስ ግን መዞሩም አብሮ ይቀራል። (በጉልበት ብቻ ስለሚመሩ ሌሎች ነገሮች ይህ ሐተታ አይናገርም።) በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላናችን ፊቱ የቆመውን ግራር እያየ፣ እኛም እያየን፣ ሄዶ ተሰቀለበት።

ይህ መከራ የጀመረው በእኛ አይደለም። የራይት ወንድማማቾች ሦስተኛ ተንሸራታች አውሮፕላን መጀመሪያ የተሠራው ልክ እንደኛው በሁለት የማይንቀሳቀሱ ጭራዎች ነበር። አንዱ ክንፍ ሲያዘነብልባቸው ማቃናት እያቃታቸው፣ እየተሽከረከረ አሸዋ ላይ ይወድቅ ነበር። መፍትሔው የመጣው በመስከረም 1895 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ኦርቪል ከወትሮው አብዝቶ ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ ባጣበት ሌሊት ነው፦ ጭራው ይንቀሳቀስ! ዊልበር ደግሞ ከክንፉ መቆጣጠሪያ ጋር ይያያዝ ብሎ ጨመረበት። ቡናው የማን እንደሆነ ለአንባቢዬ ማስረዳት ስድብ ይሆንብኛል። ስለዚህ አገር ውስጥ የተሠራችው አውሮፕላን «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. ከመብረሯ 33 ዓመት አስቀድሞ ኢትዮጵያ ለአቪዬሽን አስተዋጽኦ አድርጋለች ማለት ነው። ተቃዋሚ ካለ ይጻፍልኝ፤ አላነብም።

የእኛም ጭራ እንዲንቀሳቀስ ወደ ቀዶ ሕክምናው እንግባ። የጭራዎቹን የኋላ ሲሶ በአዲስ ምላጭ ቆረጥን። የተቆረጠውን ጠርዝ አጋድሞ መላጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፎም ከፎም ጋር እየተጋፋ አይታጠፍም። ማጠፊያው በአንድ ጎን የተለጠፈ ፕላስተር ነው። ማስቲሽ ይሻላል ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ፤ ማስቲሽ እንዲህ ያለውን ነጭ ፎም ይበላል፤ አንዱ ጭራ ዓይናችን እያየ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሟሟ። ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ፎም ተካነው።

ጭራዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮዎች፣ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ከሚማር ልጅ የመመረቂያ ሥራ የተረፉ ናቸው። የአሻንጉሊቱ ቦርድ ግን ከሞተር በቀር ሰርቮ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሪሲቨሩም ሪሞቱም ተቀየሩ። ወጪው ከአውሮፕላኑ ዋጋ በለጠ፤ እህቴ እንዳትሰማ።

ሰርቮዎቹን መጀመሪያ ጭራው ሥር ለጠፍናቸው። ስሕተት! ከሚዛኑ ነጥብ እስከ ጭራ ያለው ርቀት እስከ አፍንጫ ካለው እጥፍ በመሆኑ፣ ጭራ ላይ የጨመርነው 18 ግራም አፍንጫ ላይ 36 ግራም ጠየቀን። ሳንቲም ስንለጥፍ ውለን ሲመረን ሰርቮዎቹን ወደ ክንፉ ሥር አመጣናቸው፤ ትእዛዙን በተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ጊዜው ካለፈበት የኤቲኤም ካርድ ተቆርጣ ጭራው ላይ ወደተለጠፈች ቀንድ አሻገርነው። መልካሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው 14 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ለሳሳ አየር ሰፊ ጭራ ይገባዋል ብዬ አንድ ጣት ጨመርኩበት።

ነፋሱስ? አዳማ ኮረብታ ላይ 136 ተርባይኖች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ነፋስ ሳይነቃ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወረወርነው። ግራሩ ፊት ሲደርስ የእህቴ ልጅ ሞተሩን ዘግቶ ጭራውን ወደ ግራ አዘዘ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ዞረ። (ሽቦውን ያያያዘው ማን እንደሆነ ለጉዳዩ አያስፈልግም።) ግራሩን ግን አልነካውም፤ ተንሸራቶ ቦሎቄ ማሳ ውስጥ አረፈ። ቦሎቄው ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው አዋሽ 1 የተባለው ዝርያ ነው፤ አበባ ይዟል። ባለማሳው እግራችንን እንዳናስገባ ከልክሎን ራሱ ገብቶ አወጣልን፤ ይዞት የመጣው በጭራው ነበር።