ስለ ቀረጥ፣ ስለ ርዳታና ስለ መሥሪያ ቤት ፈረሳ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያልሰማህም አትቸኩል፤ እስክትሰማ ሊሻር ይችላልና።

ከዋሽንግተን፣ ከነጩ ቤት ደጃፍ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2025 ነው።

ዓለም ዕቃውን እያስረከበን ገንዘባችንን ሲወስድ መኖሩ፣ ይህም በሌላው አገር ግብይት፣ በእኛ ዘንድ ግን ዘረፋ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፤

ከበጀታችን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ለውጭ ርዳታ ሲወጣ መኖሩ፣ ዕዳችንም ሁሉ የመጣው ከዚችው ከአንዷ እጅ እንደሆነ ስላመንበት፤

በመሥሪያ ቤቶቻችን ላይ ድንገተኛ ፍተሻ ተደርጎ ውስጣቸው ሠራተኞች ስለ ተገኙባቸው፤

በጀት ማጽደቅ የኮንግረስ ሥልጣን መሆኑን ሕገ መንግሥቱ ቢናገርም፣ ኮንግረስን ማስፈቀድ ጊዜ የሚፈጅ ሆኖ ስላገኘነው፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተወደደው አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙን ርዕስ ይጽፍ የነበረው ጸሐፊ ማክሰኞ ተሰናብቷል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፣

«ቀረጥ» ማለት ሌላ አገር የሚከፍለን ገንዘብ ነው። ወደብ ላይ ሒሳቡን ከፍሎ ዕቃውን የሚያስለቅቀው የራሳችን አስመጪ ነው፣ አስመጪው ከባለ ሱቁ፣ ባለ ሱቁም ከገዢው ያወራርደዋል የሚል ሰው ቢኖር ትርጓሜው አልገባውምና ደግሞ ያንብብ።

«ብክነት» ማለት ገና ያላነበብነው የወጪ መዝገብ ነው።

«ለዘለዓለም» ማለት እስከ ረቡዕ ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ቀረጥ

አፕሪል 2 ቀን፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በነጩ ቤት የጽጌረዳ አትክልት ሥፍራ ሰሌዳ ይዘው ወጥተው በየአገሩ የተጣለውን ቀረጥ አሳይተዋል። ቀኑም «የነጻነት ቀን» ተብሏል። ስሌቱን ላልተማረው እናስረዳለን። ከአንተ ከገዛነው ላይ አንተ ከእኛ የገዛኸው ይቀነሳል፤ ቀሪው ለገዛነው ይካፈላል፤ ውጤቱ ለሁለት ይከፈላል። በዚህም ከአሥር በታች የወጣለት ደግሞ ዝም ብሎ አሥር ይከፍላል።

በዚህ መሠረት በተራራ ላይ የተቀመጠችው ሌሴቶ 50 በመቶ ደርሷታል። ለእኛ ጂንስ ሱሪ እየሰፋች ትልካለች፤ ድሃ ስለሆነች ግን ከእኛ ብዙም አትገዛም። ይህን ማጭበርበር ብለነዋል። ማዳጋስካር ቫኒላ ትልክልናለች። በአገራችን ቫኒላ ይበቅላል ለማለት ባይቻልም፣ እስኪበቅል ድረስ 47 በመቶ ትክፈል።

በአንታርክቲካ አቅራቢያ የሚገኙት ሄርድና ማክዶናልድ የተባሉ የአውስትራሊያ ደሴቶችም ሰው ባይኖርባቸውም 10 በመቶ ተጥሎባቸዋል። ነዋሪዎቹ ፔንግዊኖች ናቸው።

(እኔ ነጋሪት ጎሳሚው ነኝ። በአዋጅ መሐል መናገር እንደማይፈቀድልኝ አውቃለሁ። ግን ኢትዮጵያም የደረሳት ያው 10 ነው፤ ከፔንግዊኖቹ ጋር እኩል ተሰልፈናል። የአገሬ ሰው እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ይህን ሲሰማ ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው ቸግሮት ነበር። ደግሞም እኛን ከቀረጥ ነጻ ከሆነው የአጎዋ ገበያ ለማስወጣት ይህ አዋጅ አላስፈለገም። በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ያስወጡን የፊተኞቹ ሹማምንት ናቸው፤ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ሲሰፉ የነበሩት ልጆች ያውቁታል። ይቅርታ፣ እቀጥላለሁ።)

ይህ ቀረጥ የማይነቃነቅ ነው። በሳምንቱ ረቡዕ ለ90 ቀናት ተነቃንቋል። ቻይና ግን መልስ በመስጠቷ 145 በመቶ ደርሷት ነበር፤ በሜይ ወር ጄኔቫ ላይ ተገናኝተን 30 አድርገነዋል። ከ145 ወደ 30 መውረድ ድል ነው። ከየት ተነሥተን 145 እንደ ደረስን የሚጠይቅ ታሪክ ጸሐፊ ይሁን እንጂ ነጋዴ አይሁን።

ቡናን በሚመለከት፦ እንደ ሃዋይ ባሉ ቦታዎች ካለው ጥቂት ማሳ በቀር አገራችን ቡና አታበቅልም። ቢሆንም ቀረጥ ጥለንበታል፤ የብራዚሉንማ 50 አድርሰነዋል። የስኒው ዋጋ ሲንር ጊዜ በኖቬምበር ወር ቡናን ከቀረጥ አውጥተናል። ሕዝቡ ስላወጣንለት ያመስግን፤ ማን እንዳስገባው በዚህ አንቀጽ አልተደነገገም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ውጭ ርዳታ

በጆን ኤፍ ኬኔዲ ዘመን በ1961 የተቋቋመው የርዳታ መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ፈርሷል። ጃንዋሪ 20 ርዳታው ሁሉ ለ90 ቀናት ቆሞ እንዲመረመር ታዘዘ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ባለጸጋው ኢላን መስክ ቅዳሜና እሑዱን መሥሪያ ቤቱን እንጨት መፍጫ ማሽን ውስጥ ሲከቱ እንደ ዋሉ ራሳቸው ጽፈው አስነበቡን። ማርች ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከ6,200 ገደማ ፕሮግራሞች 5,200 ያህሉ መሰረዛቸውን ተናገሩ። ዘጠናው ቀን ገና አልሞላም ነበር፤ ምርመራውን ፈጣን ያሰኘውም ይኸው ነው። ጁላይ 1 የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ ተጠቃልሎ በሩ ተዘጋ።

ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ለመሰብሰብ እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ሃያ ዓመት ያገለገለም 15፣ ትናንት የገባም 15። አድልዎ የለም።

በየአገሩ ባሉ የስንዴ ጆንያዎችና የዘይት ቆርቆሮዎች ላይ «ከአሜሪካ ሕዝብ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ተጨባብጠው የሚታዩት ሁለት እጆች ይህ አዋጅ ከደረሳቸው ጊዜ ጀምሮ ይላቀቁ። ቀኙ እጅ ወደ ቀኙ፣ ግራውም ወደ መጣበት ይሂድ።

(ይቺን ሳነብ ድምፄ ተያዘ። ደሴ ባደግሁበት ቤት እናቴ በሶብላ የተከለችው በዚያ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ በቢላ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ፣ እጆቹ ወደ መንገዱ ዞረው ይታዩ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ ጤፍ የምትሰፍረው በዚያው ዓይነት ቆርቆሮ ነው። ዘይቱ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል፤ እጆቹ ግን ዝገው እንኳ አልተላቀቁም። አዋጁ እንዴት ተብሎ እንደሚፈጸም ብጠይቅ፣ የአፈጻጸም መመሪያ የሚያወጣው ክፍል መፍጫው ውስጥ ገብቷል አሉኝ።)

በመጋዘን የተገኘ ምግብን በሚመለከት፦ ዱባይ ላይ 500 ቶን ያህል ኃይል ሰጪ ብስኩት ነበር፤ ለአፍጋኒስታንና ለፓኪስታን ሕፃናት የተገዛ። ላኩት የሚል ፊርማ ሲጠበቅ ጊዜው አለፈበትና እንዲቃጠል ተደርጓል። ለማቃጠያውም ሒሳብ ተከፍሏል። ብክነትን የምንዋጋው በዚህ ዓይነት ነው።

የካንሳስ ገበሬዎች «ማሽላችንን መንግሥት ለርዳታ ይገዛን ነበር፤ አሁን ለማን እንሽጥ?» ብለው አቤት ብለዋል። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው፣ ገበሬውም ከማሽላው ይማር።

(እውነት እንናገር ከተባለ ርዳታው ንጹሕ ነበር አልልም። በ2023 በኢትዮጵያ ስንዴው ከተረጂው አልፎ ገበያና ዱቄት ፋብሪካ ተገኝቶ ለወራት ታግዶ ነበር፤ የታገደበትን ወር በረሃብ ያለፈው ግን የሰረቀው አይደለም። ጎተራ ውስጥ አይጥ አለ ብሎ የተቆጣ ሰው ድመት ያመጣል። ዘንድሮ ጎተራውን አፍርሰው አይጡን ሜዳ ላይ ለቀቁት። ኢትዮጵያ ውስጥም በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እነዚህ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚያድሉ፣ የቀረውን ታማሚ ስልክ ደውለው የሚጠሩ ናቸው።)

አንቀጽ 5፤ ስለ መሥሪያ ቤቶች

«ዶጅ» የተባለ የቅልጥፍና መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። መሥሪያ ቤት ለመቀነስ መሥሪያ ቤት መጨመር ያስፈልጋል። የዶጅ ምልክት የሞተር መጋዝ ሲሆን፣ ኢላን መስክ ከአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት እጅ ተቀብለው መድረክ ላይ ሲያወዛውዙት ታይተዋል። ሊቆጠብ የታሰበው 2 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። ቆይቶ 1 ትሪሊዮን ሆነ። አፕሪል ላይ 150 ቢሊዮን ተባለ። ቀረጥ ይህን ያህል ፈጥኖ ቢወርድ ኖሮ ነጋዴው ባልጮኸ። ሜይ ሲያልቅ መስክ ተሰናብተው ሄደዋል፤ መጋዙ ቀርቷል።

ጃንዋሪ 28 ለሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ተልኳል። አሁን ልልቀቅ ያለ እስከ ሴፕቴምበር ደመወዙን እየበላ ቤቱ ይቀመጣል ተብሏል።

(የኢሜይሉ ርዕስ በእንግሊዝኛው ቃል በቃል «የመንገዱ ሹካ» ነው፤ መንታ መንገድ ለማለት። እኔ ሹካ የሚታደል መስሎኝ ሁለት ቀን ጠብቄአለሁ።)

ፌብሩዋሪ 22 ደግሞ ሁሉም ባለፈው ሳምንት የሠራውን አምስት ነገር ጽፎ እንዲልክ ታዟል። ነጋሪት ጎሳሚው «1. ጎሰምሁ፤ 2. ጎሰምሁ፤ 3. የጎሰምሁት ተሻረ፤ 4. መሻሩን ጎሰምሁ፤ 5. ይህን ጻፍሁ» ብሎ ስለላከ አራተኛውና ሦስተኛው ተጣፍተው ምንም እንዳልሠራ ተቆጥሮ በዚህ አንቀጽ ተሰናብቷል።

 

ነጋሪት ጎሳሚው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሚያነብ ስለ ታጣ ተመልሶ ተቀጥሯል። ይህ ለእሱ ብቻ የተደረገ ልዩ ውለታ አይደለም። የኑክሌር መሣሪያችንን ክምችት ከሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ ወር በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አሰናብተን፣ ወዲያው ተመለሱ ልንላቸው ብንፈልግ የሥራ ኢሜይላቸው ተዘግቶ አድራሻቸው ጠፍቶን ነበር። ከመካከላችሁ የቦምብ ጠባቂ ጎረቤት ያለው ሰው በሩን ያንኳኳለት።

የትምህርት ሚኒስቴርም እንዲዘጋ ማርች 20 ትእዛዝ ተፈርሟል። ሲፈረም ተማሪዎች በትንንሽ ዴስኮች ላይ ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። ፊርማ አይተዋል፤ ለዕለቱ በቂ ትምህርት ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ ሬዲዮ

በደርግ ዘመን፣ በ1982 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል በማርች 2025 ከቀሩት ክፍሎች ጋር ጸጥ ብሏል። ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አድርጎ የሚያዳምጥ አባት ካለ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብሎ ባትሪ እንዳይቀይር ይነገረው።

(ለአጎቴ የነገርሁት እኔ ነኝ። «አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ? ሄደህ ክፈተው እንጂ» አለኝ።)

አንቀጽ 7፤ የተሻሩ ሕጎች

ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ያጸደቀውን ገንዘብ አላወጣም ብሎ እንዳይዝ የሚከለክለው የ1974ቱ ሕግ በዚህ አዋጅ ዘንድ አይታወቅም። ሆኖም እንዳይከፋው ጁላይ ላይ ኮንግረስን ጠይቀን 9 ቢሊዮን ዶላር አሰርዘናል፤ አብዛኛው የውጭ ርዳታ፣ የቀረው የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ፍርድ ቤት ይህን አዋጅ ቢያግድ፣ እግዱ እስኪታገድ ድረስ ሥራው ይቀጥላል።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ነጋሪቱ ከተመታበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

(ዱላውን እንዳነሣሁ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ አንድ መስመር ነው፦ «አንቀጽ 3ን እንዳታነብ፤ ተቀይሯል»። ደውዬ አንብቤዋለሁ አልኋቸው። ማን ሰማ አሉኝ። ሁሉም፣ እስከ ፔንግዊኖቹ አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ ለነሱ በጀልባ ሂድና መሻሩን ንገራቸው፣ የጀልባው ኪራይ ግን አይጸድቅም አሉኝ።)