በቦንጋ ሙሽሮች የአያት ስም አጠባበቅ ላይ የቀረበ ጥናት

ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ ተነሥታ በባሏ በኩል ወደ አሜሪካ የምትሄድ ሙሽራ ሻንጣዋ ውስጥ ምን እንደምትይዝ በሚገባ ይታወቃል፦ የካፋ ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ፣ ከክብደት በላይ ሆኖ አየር ማረፊያ ላይ የሚወጣ አንድ ነገር። ስሟን ግን እንዴት አድርጋ እንደምትይዘው እስካሁን በሥርዓት ያጠናው የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

በፈረንጅ አገር ጥያቄው ያረጀ ነው። ሴት ስታገባ የአባቷን ቤተሰብ ስም ትጠብቃለች ወይስ የባሏን ትወስዳለች? ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ወንድ ካገቡ አሜሪካውያን ሴቶች መካከል 79 ከመቶው የባላቸውን ስም ወስደዋል፤ 14 ከመቶው የራሳቸውን ጠብቀዋል። የተረፉት በአብዛኛው ሁለቱን በሰረዝ አያይዘው የሚኖሩ ናቸው። ይህ ጥናት ለቦንጋ አልሠራም። ምክንያቱም የቦንጋ ሙሽራ የምትጠብቀውም የምትለውጠውም የቤተሰብ ስም የላትም። ያላት የራሷ ስም ነው፤ ከኋላው አባቷ፣ ከአባቷ ኋላ አያቷ ተሰልፈዋል። ስሟ ንብረት ሳይሆን ሰልፍ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ባል ቦታ የለውም፤ በመሐል ልግባ ቢልም የሚያስጠጋው የለም።

ማስረጃው ብዙ ነው። እቴጌ ጣይቱ የምኒልክ ሚስት፣ የአገር እቴጌ ሆነው ሳለ እስከ ዕለተ ሞታቸው የብጡል ልጅ ነበሩ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2001 ዓ.ም. ስለሺ ስህንን ስታገባ ሁለት የኦሎምፒክ ሯጮች አንድ ቤት ገቡ፤ በማግስቱ ግን ጥሩነሽም ዲባባ፣ ስለሺም ስህን ነበሩ። የውጭዎቹ የስፖርት ዘጋቢዎች ግን ጥሩነሽንም እኅቶቿን እጅጋየሁንና ገንዘቤንም በአንድ ቃል «ዲባባ» እያሉ ሲጠሩ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት አቶ ዲባባ በየኦሎምፒኩ መም ላይ ስማቸው ሲጮህ ከርሟል።

ሕጉም ከሙሽራዋ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያዊው ስጦታውን አልወሰደም። ያው ሕግ በአንቀጽ 40 ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች ትቀጥላለች ይላል። ስለዚህ ሕጉ በአንድ እጁ ማንም የማያውቀውን ስም ሰጠ፤ በሌላ እጁ ሚስት ይህን የሌላትን ስም እንዳታጣ ከለከለ። የልደትና የጋብቻ መዝገቡን በተመለከተ የተጻፈው ክፍል ደግሞ በሌላ ጊዜ በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እንዲውል ተብሎ ቆየ። ያ ሌላ ጊዜ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. መጣ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። 56 ዓመት ለአንድ መዝገብ ብዙ ነው የሚል ካለ፣ ቀበሌ ሄዶ ጉዳይ አስፈጽሞ የማያውቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ማስታወሻ ማስገባት ግድ ይላል። በ1921 እ.ኤ.አ. ሩት ሄል የምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ፓስፖርት በራሷ ስም ብቻ ይሰጠኝ ብላ ከአገሯ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተጣላች። የባሏ ስም የታከለበት ቢሰጣት አልቀበልም ብላ መለሰችው፤ ጉዞዋም ቀረ። በዚያው ዓመት በ1855 እ.ኤ.አ. አግብታም የአባቷን ስም ይዛ በኖረችው በሉሲ ስቶን ስም ማኅበር አቋቋመች። አንዲት ያገባች አሜሪካዊት በአባቷ ስም ብቻ ፓስፖርት ያገኘችው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። የቦንጋ ሙሽራ ይህንኑ መብት ያለ ማኅበር፣ ያለ ሰልፍና ያለ ክርክር በተለመደው የፓስፖርት ክፍያ ታገኛለች። ከዚያም አሜሪካ በገባች በሁለተኛው ወር እንዴት እንደምታስወግደው ሰው ትጠይቃለች።

አሁን ወደ ናሙናው እንሂድ። ናሙናው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የለም። ለጥናቱ ሲባል ሙሽራዋን አልማዝ እንበላት፤ አባቷ ገብሬ፣ አያቷ ወልደማርያም፣ ቅድመ አያቷ ጋኪ። ባሏ በሶ በመብላቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚታወቀው አበበ ነው። አባቱ ተሰማ ይባላሉ። አበበ የዛሬ ስንት ዓመት ዲቪ ሲሞላ ላስት ኔም የሚለው ሳጥን ላይ የአባቱን ስም ስላሰፈረ፣ አሜሪካ ውስጥ ሚስተር ተሰማ እየተባለ ይኖራል።

ፎርም የሚሞላው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው። ፎርም የሚሞላው ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ይጠይቃል።

«ላስት ኔም?»

«ገብሬ።»

«እሱ ሚድል ነው። አያት ንገሪኝ።»

«ወልደማርያም።»

«አንድ ላይ ነው ተለያይቶ?»

እዚህ ላይ አልማዝ እናቷን ዞራ ታያለች። እናት «ምን ተለያይቶ ይላል ይሄ፣ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ!» ይላሉ። ልጁ አንድ ላይ ጻፈው። መታወቂያዋ ላይ ግን ተለያይቷል። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ «ወልደ» በአጭሩ «ወ» ሆኖ በእዝባር ቀርቷል። በዚህ ላይ የካፋዎቹ ቋንቋ ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍና ረዥሙን ድምፅ ፊደል በመደረብ ስለሚያሳይ፣ የቅድመ አያቷን ስም የትምህርት ቤት መምህሯ በአንድ መንገድ፣ ትርጉም ቤቱ በሌላ መንገድ ጽፈውታል። አምስቱም ትክክል ናቸው። ኤምባሲው ግን አምስት ሰው ያያል።

ልጁ ወደሚቀጥለው ሳጥን ወረደ። «ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ስም ይላል።»

«ያው ነው።»

«ያው ነው የሚል ምርጫ የለውም።»

ትውልድ አገር ላይ ሲደረስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሙሽራዋ ስሟን ስትጠብቅ ከተማዋ ስትለውጥ ኖራለች። ቦንጋ በንጉሡ ዘመን በካፋ ጠቅላይ ግዛት ነበረች፤ በደርግ በካፋ ክፍለ ሀገር ሆነች። በኢሕአዴግ ጊዜ ወደ ደቡብ ክልል ገብታ ከፊቾ ሸኪቾ የሚባል ዞን ውስጥ ተመዘገበች፤ ይህም በሰረዝ ከሚያያዘው የፈረንጅ የጥንድ ስም የሚለየው ሰረዝ ባለመኖሩ ብቻ ነው። ኋላ ሸካና ካፋ በሰላም ተለያዩ። ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። በ1990ዎቹ የተወለደች ሙሽራ የልደት ማስረጃዋን አዲስ ስታወጣ የተወለደችበት ጊዜ ያልነበረ ክልል ውስጥ ተወልዳ ትገኛለች። ይህን ለቆንስሉ ማስረዳት የእሷ ፋንታ ነው።

ከካፋ ወጥቶ ስሙን በማስቀየር ቀዳሚው ግን ሰው አይደለም፤ ቡና ነው። ከጫካው ወጥቶ የመን ገባ፤ እዚያ ኖሮ በሞካ ወደብ ወደ ዓለም ተሻገረ። በ1753 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ የዕፀዋት መዝገቡን ሲያዘጋጅ፣ የመጣበትን እንጂ የተወለደበትን ስላላየ አራቢካ ብሎ መዘገበው። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል፤ የካፋ ጫካም በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። የስም ማስተካከያ ግን አልተሰጠም።

አልማዝ አሜሪካ ገባች። ስሟን እንድትለውጥ ያስገደዳት ሕግ የለም፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያየው በጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ በልጆች ነው። ያም ሆኖ መለወጥ የሚቻልባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ካየ በቂው ነው። ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሆኖ የገባች ከሆነ ግሪን ካርዷም የሁለት ዓመት ስለሚሆን፣ በቋሚው ሲተካ ሌላ ዕድል አለ። ባሏ ዜጋ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ እሷም ለዜግነት ስታመለክት ፎርሙ ራሱ «ስምሽን መለወጥ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ከአገር ቤት ፍርድ ቤት ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ ግብዣ ነው።

ጠባቂዎች የሚባሉት ወገኖች አይለወጥም ይላሉ። ችግራቸው ክሊኒክ ውስጥ ይጀምራል። ነርሷ ብቅ ብላ «ወልደማርያም!» ስትል አልማዝ አትነሣም፤ አያቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለተኛ ሲጠራ ዘወር ብላ ታያለች፤ ሌላ ሐበሻ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። በሦስተኛው ነው ሰውዬው እሷ መሆኗ የሚገለጥላት።

ቀያሪዎች የሚባሉት ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ላስት ኔም ይኑረው፣ ልጆቹም አየር ማረፊያ ላይ «እናታቸው ነሽ ወይ?» አይባሉ ይላሉ። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። አልማዝ ገብሬ የባሏን ስም ስትወስድ አልማዝ ተሰማ ትሆናለች። አበበም አበበ ተሰማ ነው። ይህን ጥንድ ስም ለማንኛውም የቦንጋ ሰው ቢያነቡለት የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ወንድምና እኅት። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 8 ሰው እኅቱን እንዳያገባ ይከለክላል። በአማራው ባህል እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ በካፋም የራስን ጎሳ ማግባት ነውር ነው። ሙሽራዋ የተጋባችበትን ትዳር በወረቀት ስታጠናክር በወረቀት ማፍረሷን ያስተዋለ ባለሥልጣን ግን እስካሁን የለም።

ለቅሶ ቢኖር ጉዳዩ አደባባይ ይወጣል። ከአሜሪካ የመጣው የገንዘብ ማስተላለፊያ ወረቀት ላይ የላኪ ስም አልማዝ ተሰማ ይላል። አክስቷ ወረቀቱን ከልጅ ተቀብለው ያስነብባሉ። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይባላል። የራሳችን አልማዝ መሆኗ ሲነገራቸው ዝም ብለው ይቆዩና ስልክ ያስደውላሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ወንድሜ ምን በደለሽ?»

መካከለኛ መንገድ የሚፈልጉ ሞንትሪያል ያለ ባል ቢያገኙ ይሻላል። የኩቤክ ሕግ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚስት በተወለደችበት ስም እንድትኖር ያዛል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 40 በበረዶ አገር ዘመድ አለው። አይስላንድም እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ በ1925 እ.ኤ.አ. አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከልክለዋል። ከቦንጋ ወደ ሬይክያቪክ የሚወስድ ባል ግን ብዙ አይገኝም።

ልጆች ሲመጡ ሒሳቡ ይወፍራል። ልጁ ዳዊት ተሰማ ተብሎ ተመዘገበ። በአገር ቤት አቆጣጠር ዳዊት የአያቱ ልጅ፣ የአባቱ ወንድም ሆነ ማለት ነው። እናቱ ቀያሪ ከሆነች ደግሞ የእናቱም ወንድም ነው። አቶ ተሰማ በማያውቁት አገር ሦስት ልጆች አፍርተዋል፤ በየዓመቱም የሦስቱም ስም የግብር ቅጽ ላይ ይሰፍራል።

ጥናቱ ያልፈታው ጉዳይ የአቶ ገብሬ ነው። አልማዝ የቀያሪዎቹን መንገድ መርጣ ዜጋ ሆነች፤ አባቷን ለማስመጣት አመለከተች። አቶ ገብሬ ፓስፖርት አወጡ። አሁን የሚሰጠው ፓስፖርት የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስለሚያስቀምጥ የእሳቸው ላስት ኔም ጋኪ ሆነ። ከካፋው የመጨረሻ ንጉሥ ከጋኪ ሸሮቾ ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸው ለትርጉም ቤቱ ልጅ ሁለት ጊዜ ነግረዋል። እንግዲህ የልጅቱ ስም ተሰማ፣ የአባትየው ጋኪ፣ በልደት ማስረጃዋ ላይ ያለው ወልደማርያም ነው። የኤምባሲው መስኮት ላይ ያለችው ሴት በትሕትና ጠየቀች፦ «አባትዋ ከሆኑ ለምን ስማችሁ አይገናኝም?»

«ይገናኛል» አሉ አቶ ገብሬ። «እኔ ገብሬ ነኝ። እሷ አልማዝ ገብሬ ናት።»

«እዚህ አልማዝ ተሰማ ነው የሚለው።»

«ተሰማማ የአማቼ አባት ናቸው።»

መፍትሔው በፎርሙ መመሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፦ ስም በጋብቻ ተለውጦ ከሆነ የጋብቻው ማስረጃ ይያያዝ። አቶ ገብሬ ወደ ቦንጋ ተመልሰው የሴት ልጃቸውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ ከነማኅተሙ አወጡ፤ አስተረጎሙ፤ አዲስ አበባ አስረጋገጡ። የአልማዝ አባት መሆናቸውን የሚያስረዳው ዋነኛው ሰነድ አሁን እሷ የሌላ ሰው ሚስት መሆኗን የሚያሳየው ወረቀት ነው። ፋይሉ በሒደት ላይ ነው።