ወገብዎ እንዳይድን

የወገብ ሕመም አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ብዙ ካልነካኩት በራሱ ይለቃል። ድንገት ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ይሻላቸዋል። በጥቂት ሳምንት ምን ይወራል? ጠያቂ ዘመድ ገና ብርቱካን ገዝቶ ሳይመጣ ድነው ያሳፍሩታል። እኛ የምንፈልገው ቢያንስ እስከ ፋሲካ የሚዘልቅ፣ ድግስ ቤት ወንበር የሚያስለቅቅ፣ የጋዝ ሲሊንደር ከመሸከም የሚገላግል ሕመም ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ዝም ብሎ አይገኝም፤ ይለፋበታል።

መጀመሪያ ይተኙ። የፊንላንድ ሐኪሞች ወገባቸውን ያመማቸውን የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ከፍለው አንዱን ወገን ሁለት ቀን አስተኙ፣ ሌላውን ልዩ እንቅስቃሴ አሠሩ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሕመሙ እስከፈቀደላችሁ ድረስ የዘወትር ኑሯችሁን ቀጥሉ አሉት። በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ቶሎ የተሻላቸው እነዚያ ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። እንግዲህ ሁለት ቀን መተኛት ይህን ያህል ከጠቀመን ሁለት ሳምንት እንዴት አድርጎ ሊጠቅመን ነው! እግር እስኪዝል፣ ጀርባ እንደ ሳንቃ እስኪደርቅ ይተኙ።

ተኝተው ሳሉ አማካሪ አያጡም። ጎረቤት «ብርድ ነው» ትላለች፣ አክስት ወጌሻ ትጠራለች፣ የሥራ ባልደረባ «ዲስክ ነው፣ አጎቴን እንዲሁ አድርጎት ነበር» ይላል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይቀበሉ። ከዚያ ማንም ሳያዝዝልዎ ኤምአርአይ ይነሡና ውጤቱን ቡና ላይ ያስነብቡ። ምንም ሕመም የሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ቢነሡ ከሦስት አንዱ በላይ ዲስኩ ያረጀ መስሎ እንደሚታይ፣ 80 ዓመት ከሞላቸው ጤነኞች ደግሞ ሁሉም ጋ ለማለት በሚያስደፍር መጠን እንደሚታይ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ተረጋግጧል። ይህን ለማንም አይንገሩ። «ተንሸራቷል» የምትለዋን ቃል ብቻ ይያዙ፤ ለዓመት ትበቃለች።

አሁን ወደ ዮጋ። አስተማሪ ከስልክዎ ይምረጡ። ዕድሜዋ ከ22 ያልዘለለ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆማ በአሥር ደቂቃ ወገብ አድናለሁ የምትል ትሁን። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ከአልጋ እንደወረዱ፣ ፊትዎን ሳይታጠቡ ይጀምሩ። የአከርካሪ ዲስክ ሌሊት ውኃ ስቦ ስለሚያብጥ ጠዋት ጎንበስ ሲሉ ይበልጥ ይጨነቃል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ጠዋት ከመጎንበስ እንዲታቀቡ የተመከሩ ሰዎች ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል። እንግዲያው በአሥራ ሁለት ሰዓት ጣትዎ የእግርዎን ጣት መንካት አለበት። ካልነካ ትንፋሽዎን ውጠው በኃይል ይወዝውዙት። የዮጋው መምህር አየንጋር ማሰሪያ፣ ብርድ ልብስና የእንጨት ጡብ ያስታቅፉ የነበረው ሰውነቱ ያልተፍታታ ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ነበር። ነጠላዎን በውስጥ እግርዎ አዙረው ሁለቱን ጫፍ ቢይዙ ያው ነው፤ ግን ለምን? አፍንጫ ጉልበት ካልነካ ዮጋ አይባልም።

በቦስተን 320 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ለጀማሪ የተዘጋጀ ለስላሳ ዮጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሠሩት ሰዎች ፊዚዮቴራፒ ካገኙት ያላነሰ ተሻላቸው። ልብ ይበሉ፣ 12 ሳምንት! ያንኑ፣ እዚያው! እርስዎ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዮጋን፣ ፒላቴስን፣ ዋናንና ዙምባን ጀምረው ሁሉንም መተው ይችላሉ።

የዚህ ሙያ ቁልፉም ይኸው ነው። ምንም ነገር ስድስት ሳምንት እንዳይሞላው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሳምንታት ነው፤ የሚያማርረው ግን በማግስቱ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ይፍረዱ። ሰኞ ጀምረው ረቡዕ ካመመዎ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ይበሉ፤ ረቡዕ ካላመመዎ ደግሞ ሐሙስ ክብደቱን እጥፍ ያድርጉት። ሦስተኛ መንገድ የለም። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችዎትን ወረቀት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይክተቱና፣ ሁለት ቀን ሄደው ቀለል ሲልዎ ይቅሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜ ልክ «ፊዚዮቴራፒ ሞክሬዋለሁ፣ አይሠራም» የማለት መብት አለዎት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ወገብ ያጎበጠ ነገር አላውቅም።

ጂም ሲገቡ ኮቹ ስለ ወገብዎ ካልጠየቀ እርስዎም አይንገሩት። ዴድሊፍቱን እንደ ሌላው ያንሱ። ሲት አፕ አይርሱ። የካናዳው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል እንደለካው አንዱ ሲት አፕ አከርካሪን ከ3,000 ኒውተን በላይ ይጫነዋል፤ በእኛ ሚዛን ሦስት ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። እሱ በምትኩ የሚያሠራው ሦስት ትንንሽ ነገር ነው፦ በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትንና ትከሻን ብቻ በትንሹ ማንሣት፣ በክርን ተደግፎ በጎን መቆየት፣ በእጅና በጉልበት ቆሞ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር መዘርጋት። እያንዳንዱን አሥር ሰኮንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፣ በየቀኑ። እንዲህ ሲሠራ ፎቶ የተነሣ ሰው አይተው ያውቃሉ? የእግር ጉዞም እንደዚሁ ነው፤ ጠፍጣፋ መንገድ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ምንም ክብር የለው።

አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንደምታደርገው መንገድ ለሰው በሚባለው እሑድ አስፋልቱን ለእግረኛ ስትለቅ ድምፅ ማጉያው ሥር፣ ፊት ረድፍ ላይ ቆመው ይዝለሉ። ጥቅምት ላይ ወገብዎን ካመመዎ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለልዎ፤ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቲሸርቱ አንዴ ከተገዛ በኋላ ወገብ ምን አገባው?

ማስታገሻውን ደግሞ ከስፖርቱ በፊት ይውሰዱ። «በቃ» የሚልዎ ሕመሙ ብቻ ነውና እሱን ዝም ካሰኙት ማን ይከለክልዎታል? ጎረቤት የተረፋትን ዲክሎፌናክ በባዶ ሆድ ይዋጡ። ወገብዎ ቢከዳዎትና ቢድን እንኳ ጨጓራዎ ይተካዋል፤ እሱ ደግሞ አገር ያወቀው ነው። በዐቢይ ጾምም ስለ ስግደቱ የንስሐ አባትዎን አያማክሩ፤ ለታመመ የሚያቀልሉለት ነገር ይኖር ይሆናል።

ሕመሙን በየዕለቱ መሞከርም አይርሱ። ጠዋት ጠዋት ጠምዘዝ፣ ጎንበስ፣ ቀና ይበሉና «አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። ሊሄድ ተነሥቶ ከሆነ ይመለሳል።

የማልቀልድበት ነገር አለ። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ሆኖ ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ይይዎት፤ የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ፣ በመድኃኒትም ይታከማል። ሽንት ከከለከለዎ ወይም ካመለጠዎ፣ ብሽሽትዎና መቀመጫዎ ከደነዘዘ፣ እግርዎ መታዘዝ ካቆመ ደግሞ ወጌሻም ዮጋም ነገም አይበሉ፤ ያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።