ፊልትሮ ሲታሰር

የዘይት ፊልትሮ በእጅ ብቻ ነው የሚታሰረው የሚሉ አሉ። ጎሚኒውን ዘይት ቅባ፣ ሞተሩን ሲነካ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምር፣ በቃ! ይህ የሰነፎች ወሬ ነው። የኛ መካኒክ ደንበኛውን ስለሚወድ በመፍቻ፣ ከዚያም በሰውነቱ ክብደት ያስረዋል። ጎሚኒ ዘይት መቀባትማ ብክነት ነው።

ጥበቡ ደግሞ በሚቀጥለው ቅየራ ይታያል፦ ካቻቪቴ በመዶሻ ተመትቶ በአንድ ጎን ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ይጠመዘዛል። ቆርቆሮው ይቀደዳል፣ የተቃጠለው ዘይት በእጅጌ ሽቅብ ይወርዳል (አዎ፣ ሽቅብ)፤ የፊልትሮው ቂጥ ግን ንቅንቅ የለም። እንዲህ ነው ጥራት! ፊልትሮውን ከሞተሩ ማላቀቅ ስላልተቻለ፣ አሁን ሞተሩን ከመኪናው ለማውረድ ዋጋ እየተነጋገርን ነው። መካኒኩ ደግ ሰው ነው፤ አዲሱን ፊልትሮ በነፃ ሊያስርልኝ ቃል ገብቷል።