አክስትም ይጸዳሉ

የሥራ ፍለጋ ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ ሰሞኑን አፉን የሚፈታው በአንድ ቃል ነው፦ «ፌስቡክህን አጽዳ!» ዲግሪውን ይዞ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ይህ ሲነገረው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ዛሬ የተነሣሁት ላመሰግን ነው።

እንዴት አይመሰገንም! የድሮ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ወርዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነባል፣ ማስረጃውን ኮፒ አድርጎ ያስገባል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አሁን ሥራ አጡም ሥራ አለው። ስለ ዩኒቨርሲቲው ካፌ ሽሮ የጻፈውን ምሬት ያጠፋል። የአርሰናልን ደጋፊ የሰደበበትን ያጠፋል፤ ኤችአሩ የማን ደጋፊ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ፌስቡክም ደግ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የቆዩ ፖስቶችን በጅምላ ማስወገጃ መሣሪያ አውጥቶለታል። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ፎቶውን በአረንጓዴ ቀለበት ከብቦ ይጠብቃል።

ችግሩ አክስት ናቸው። ልጁ ከረባት አስሮ የተነሣውን ፎቶ በለጠፈ በደቂቃው፣ ዋሽንግተን ያሉት አክስቱ ከሥሩ ይጽፋሉ፦ «እሰይ የኔ ጌታ፣ የጊዮርጊስ ስለት! ያ አልጋ ላይ የሚሸናው ነው እንዲህ ያማረበት? የአባትህ አገር ሰው ይኩራብህ!» ሃይማኖቱ፣ የአባቱ አገር፣ የፊኛው ታሪክ፣ ሁሉም በአንድ ኮመንት።

ስለዚህ ጽዳቱ ወደ ቤተዘመድ ይዝለቅ። ሽማግሌ ይመረጥ፤ በቫይበር ይደወልላቸው። «እኅቴ፣ ልጁ ሥራ እስኪይዝ አትመርቂው» ይባሉ። ያለቅሳሉ፤ «ምርቃቴ አሳፈረው?» ይላሉ። ከብዙ ድርድር በኋላ ምርቃት በድምፅ ብቻ እንዲላክ፣ በጽሑፍ ከሆነ ግን «መልካም የሥራ ዘመን» ከሚለው እንዳያልፍ ስምምነት ይፈረም። ይህ ከጸደቀ ሌላው አይከብድም። በሠርግ ላይ ለሥራ ፈላጊዎች ካሜራ የማይደርስበት ጠረጴዛ ይዘጋጅ። በለቅሶም ሟቹ በዘመናቸው ፖለቲካ የነካካቸው እንደሆነ፣ ሥራ ፈላጊ የልጅ ልጅ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኖ ያልቅስ፤ ታግ እንዳይደረግም ፊቱን በነጠላ ይሸፍን። የክርስትና ስም የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ ይታገድ። ሕጉ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ስላደረገ፣ አክስት በ61ኛው ቀን እልልታቸውን ይልቀቁት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ማንም አይጠይቅህም። ማታ ግን ጠያቂው ሰውዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በአውራ ጣቱ ገጽህን ቁልቁል እየሳበ እስከ 2008 ዓ.ም. ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ፕሮፋይልህን በየትኛው ባንዲራ ቀይረህ እንደነበር ያያል። ጠዋት «ለጊዜው ሌላ ሰው መርጠናል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እሱም ከመጣ ነው። ይሄ ነውር ነው። መመከር የነበረበት ሰውየው ነው፤ እኛ ግን ልጁን እናሳጥበዋለን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በምክሩ መሠረት ሁሉን የፈጸመ ልጅ ገጹ ላይ አሁን አንድ ፎቶና አንድ «መልካም የሥራ ሳምንት» ብቻ ቀርተውታል። ጓደኞቹ ተቀንሰዋል፣ አክስቱ ተፈራርመዋል። የቀረው ማመልከቻው ነው። ቅጹን ሲከፍተው የመጀመሪያው መስመር «ሙሉ ስም ከነአያት» ይላል። አያትን ማስወገጃ መሣሪያ ደግሞ ፌስቡክ እስካሁን አላወጣም።